ለወንድሜ ዳግመኛ ዋስ ካልሆንኩ ይቅር አላልኩም ማለት ነው?

ጥያቄ፦

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ፒያሳ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። አንዲት ልጄን ለብቻዬ አሳድጋለሁ። አባታችን ካረፈ በኋላ የቤቱን ጣጣ የተሸከምኩት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ታናሽ ወንድሜ የሞባይል ጥገና ሥራ ሊጀምር ፈልጎ እኔ ወደምጥልበት ዕቁብ አስገባሁት። ዕቁቡ 50 ሰው ያለበት፣ በየሳምንቱ 2,000 ብር የሚጣልበት ነው። በዘጠነኛው ሳምንት ዕጣው ለእርሱ ወጣ። ዋስ ጥራ ሲባል እኔን ጠራ፤ ፈረምኩለትና 100,000 ብሩን ተቀበለ። እስከ 18ኛው ሳምንት ጣለ፤ ከዚያ በኋላ አቆመ። ሥራው አልሆነለትም መሰለኝ፤ እርሱ ግን ምንም አልነገረኝም፣ ስልኬንም ማንሣት ተወ። የቀሩትን 32 ሳምንታት፣ ማለትም 64,000 ብር፣ ለልጄ ትምህርት ካስቀመጥኩት ላይ እያነሣሁ ከፈልኩ። በመሐል አንድ ቀን እልሁ አላስችል ብሎኝ የሚሠራበት ድረስ ሄጄ በእጮኛው ፊት «ሌባ» ብዬ ሰደብኩት። ይህ ከሆነ ዓመት ከአራት ወር አለፈው። በበዓል ቀን እናታችን ቤት ብንገናኝም አንነጋገርም።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ጠርታ፣ ወንድሜ ከአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሊበደር እንደሆነና ዋስ እንደሚያስፈልገው ነገረችኝ። እርሱ ራሱ አልጠየቀኝም። «ይቅር ማለትሽን በዚህ አሳዪው፤ አለዚያ አባትሽ ሲዘክረው የኖረውን የነሐሴ 24ን የተክለ ሃይማኖት ዝክር ዘንድሮ አልዘክርም» አለችኝ። አጎቴ ደግሞ «ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል ተብሎ የለም ወይ?» ይሉኛል። ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በየዓመቱ በፍልሰታ እቆርብ ነበር፤ አምና ግን ቂም ይዤ አልቀርብም ብዬ ቀረሁ። ማታ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ስደርስ ድምፄ ይቆማል። ይቅር ማለት እፈልጋለሁ፤ ሁለተኛ መፈረም ግን አልፈልግም። ይህ ይቅር አለማለት ነው? ቅዱሳን በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ልቧ ያላረፈ፣ ከአራዳ

መልስ፦

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛ የተመለስኩበት «እርሱ ራሱ አልጠየቀኝም» ለምትለው አጭር ዐረፍተ ነገር ስል ነው። ስለ ገንዘቡ ከጻፍሽው ሁሉ ይልቅ ያመመሽ ይህ ይመስለኛል። ዕዳውን ከፍለሽ ጨርሰሻል፤ እስከ ዛሬ ያልተከፈለሽ ግን «እህቴ፣ ጎዳሁሽ» የሚል አንድ ቃል ነው። ተሳስቼ ከሆነ ለራስሽ አርሚው።

በመጀመሪያ ስለ ፊርማው ልናገር፤ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ የሚቀለው እርሱ ነውና። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ዋስትና ደጋግሞ ይናገራል። በምዕራፍ 6 መግቢያ ላይ ለባልንጀራው ዋስ የሆነውን ሰው በገዛ አፉ ቃል እንደተጠመደ ይቆጥረዋል፤ ሚዳቋ ከአዳኝ፣ ወፍም ከአጥማጅ እጅ እንደሚያመልጡ ራሱን እንዲያድን፣ እስከዚያም ለዐይኑ እንቅልፍ እንዳይሰጥ ይመክረዋል። በምዕራፍ 22 ደግሞ የምትከፍለው ከሌለህ የተኛህበትን አልጋ ከሥርህ ለምን ይውሰዱብህ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ስጽፍልሽ ጠቢቡ የፒያሳን ዕቁብ የሚያውቅ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ልጅ የምታሳድግና ያጠራቀመችው አንድ ጊዜ የተሟጠጠባት ሴት ሁለተኛ አልፈርምም ብትል መጽሐፉ ጨካኝ አያሰኛትም። ስለዚህ አትፈርሚ። ይህን በቅድሚያ የነገርኩሽ ስለሚከብደው ነገር ሳንቻኮል እንድንነጋገር ብዬ ነው።

የሚከብደው ልብሽ ነው። እናትሽና አጎትሽ በቅንነት ተነሣሥተው በልብ ይቅር ማለትን፣ ከወንድም ጋር መታረቅንና ለወንድም መፈረምን በአንድ ቋጠሮ አስረው ሰጥተውሻል፤ አንቺም ቋጠሮውን መፍታት አቅቶሽ ሁሉንም በአንድነት ይዘሽው ተቀምጠሻል። ቋጠሮው እንዴት እንደሚፈታ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የዮሴፍ ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከመጨረሻው ነው፤ ዮሴፍ አለቀሰ፣ ወንድሞቹን አቀፈ፣ ይቅር አላቸው ይባላል። ከዘፍጥረት 42 እስከ 45 ያለውን አንድ ማታ ቁጭ ብለሽ ብታነቢው ግን ነገሩ ረጅም መንገድ እንደነበረው ታያለሽ። በ20 ብር የሸጡትን ወንድሞቹን ባያቸው ጊዜ ዮሴፍ ወዲያው ዐወቃቸው፤ ነገር ግን አልተገለጠላቸውም። በአስተርጓሚ አነጋገራቸው፣ ስምዖንን በፊታቸው አሰረው፣ ታናሹን ወንድማቸውን ብንያምን እንዲያመጡ አዘዛቸው። ይህን ያደረገው ቂም ይዞ ነው እንዳልል፣ በዚያው ጉዞ ከረጢቶቻቸውን እህል አስሞላላቸው፣ የከፈሉትን ብር በየከረጢታቸው አስመለሰላቸው፣ ለመንገዳቸው ስንቅ ሰጣቸው። «በወንድማችን በድለናል» ብለው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሰምቶም ፈቀቅ ብሎ አለቀሰ። እህሉን ያለ አንዳች ጥያቄ ሰጠ፤ እምነቱን ግን ለመስጠት ጊዜ ወሰደ። በመሐል ብንያም አለ፤ በከነዓንም አንድ ልጅ የጠፋበት አባት ተቀምጧል። በአንቺ ጉዳይም በመሐል አንዲት ተማሪ ልጅ አለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለአንቺ የሚቀርብሽ ሰው ይሁዳ ይመስለኛል። ዮሴፍን እንሽጠው የሚለውን ሐሳብ ያመጣው እርሱ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ አባታቸው ብንያምን አልሰጥም ባለ ጊዜ «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ፣ ከእጄ ፈልገው» ያለውም ይኸው ይሁዳ ነው። የብር ጽዋው ከብንያም ከረጢት ተገኝቶ ብላቴናው ባሪያ ሆኖ እንዲቀር በተባለ ጊዜ ይሁዳ ወደ ፊት ቀረበና በእርሱ ፋንታ እኔ ልቅር ብሎ ለመነ። ዮሴፍ መታገሥ አቅቶት፣ በፊቱ የቆሙትን ሁሉ አስወጥቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቀሰው ከዚህ በኋላ ነው። ወንድሙን የሸጠው ሰው ለወንድሙ ዋስ ሆኖ ቆሞ አየው። ወንድምሽ ግን ዛሬ ሌላ ዋስ እየተፈለገለት ነው እንጂ፣ ለቀድሞው 64,000 ብር እንኳ «እኔ አለሁበት» ብሎ አልቀረበም። ዮሴፍ ይጠብቀው የነበረው ነገር ለአንቺ ገና አልመጣልሽም፤ መጠበቅሽም ኃጢአት አይደለም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ መላክ አያስፈልግሽም። የምትጠብቂው እንዲለወጥ ነው ወይስ እንዲዋረድ? ከውጭ ሲያዩአቸው ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ የያዘም ሰው ራሱ ሊያምታታቸው ይችላል።

አጎትሽ የጠቀሱት ቃል እውነት ነው፤ ያነሡት ግን ከምዕራፉ መሐል ነው። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ የጠየቀውና ጌታችን ሰባ ጊዜ ሰባት ብሎ የመለሰለት በማቴዎስ 18፣ ቁጥር 21 እና 22 ላይ ነው። በዚያው ምዕራፍ ከቁጥር 15 ጀምሮ፣ ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ከአንተ ጋር ውሰድ፤ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር የሚል ሥርዓት ተቀምጧል። ይቅርታ ማለት ስለ በደሉ ዝም ማለት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ደረጃ ባላስፈለገ ነበር። የእናንተን ነገር ስመለከት የመጀመሪያው ደረጃ የተዘለለ ይመስላል። ስልክ ተደወለ፣ አልተነሣም፤ ከዚያ በቀጥታ በሰው ፊት ስድብ ሆነ። እስከ ዛሬ ድረስ ሁለታችሁ ብቻችሁን ተቀምጣችሁ ስለዚህ ገንዘብ አልተነጋገራችሁም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የባለዕዳው ባሪያ ምሳሌ ለሁለታችሁም የሚቆረቁር ነገር አለው። አሥር ሺህ መክሊት የተተወለት ሰው መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ስለነበረ መቶ ዲናር ከሦስት ወር በላይ የሚለፋበት ገንዘብ ነው፤ ጌታም በምሳሌው የመረጠው ከእጅ ሲወጣ የሚያም ገንዘብ ነው፤ እንደ አንቺ 64,000 ብር። በምሳሌው ያሉት ባለዕዳዎች ሁለቱም ወድቀው «ታገሠኝ፣ እከፍልሃለሁ» ብለዋል፤ ዕዳውን ሸሽቶ ምሕረት የተደረገለት ሰው የለም። ይህ ለወንድምሽ ነው። ለአንቺ ደግሞ «አንቆ ያዘው» የምትለው ቃል አለች። በእጮኛው ፊት የሆነውን ራስሽ ሳትሸሽጊ መጻፍሽን ሳይ፣ አንቺም ቃሏን አስቀድመሽ እንደሰማሻት ገምቻለሁ። በነገራችን ላይ፣ በአቡነ ዘበሰማያት ድምፅሽ በሚቆምበት ቦታ ወንጌላዊው ማቴዎስ በጽርዕ፣ ማለትም በግሪክኛ፣ የተጠቀመበት ቃል «ዕዳ» የሚል ነው። መዝገብ ስትይዢ ለምትውዪ ሴት ይህን ሳልነግር ማለፍ አልቻልኩም።

ስለ አጎትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፋት መልእክት 25 ቁጥር ብቻ ያላት ደብዳቤ ናት። አናሲሞስ የተባለውን ባሪያ ወደ ጌታው ሲመልሰው ጳውሎስ «እንደ ወንድም ተቀበለው» ብሎ ብቻ አላበቃም፤ የበደለህ ወይም ያለበት ዕዳ ቢኖር በእኔ ላይ ቍጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። ጳውሎስ ያስታረቀው የሌላውን ዕዳ በራሱ ስም አስጽፎ ነው። አጎትሽ ሰባ ጊዜ ሰባት ሲሉሽ፣ ሳታሾፊና ድምፅሽን ሳታከብጂ፣ «እሺ አጎቴ፤ ለዚህ ለአዲሱ ብድር እርስዎ ዋስ ቢሆኑለትስ?» ብትያቸው ምን ይሉሽ ይሆን? ምናልባት ደስ ብሏቸው ይፈርሙለት ይሆናል፤ ካልፈረሙም የአንቺን እምቢታ ለመረዳት ይቀላቸዋል።

ቅዱሳን ምን ያደርጉ ነበር ላልሽው፣ በቤታችሁ የሚዘከሩት ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቢሆኑም፣ በዚያው በነሐሴ 24 ቀን ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ክርስቶስ ሠምራንም ታስባለች፤ ለአንቺ ጉዳይ የምትቀርበው እርሷ ትመስለኛለች። የቡልጋ ሴት ነበረች፤ ባለትዳር፣ የልጆች እናት፣ ባለጸጋ። ገድሏ እንደሚተርከው አንድ ቀን በአገልጋይዋ ላይ እጅግ ተቆጥታ የእሳት ትንታግ በአፏ ብትጨምርባት ልጅቱ ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ በሠራችው ነገር ደንግጣ እያለቀሰች ወደ እግዚአብሔር ጮኸች፤ ልጅቱም ተነሣችላት። ከዚያ በኋላ ነው ቤት ንብረቷን ትታ የመነነችውና በኋላም በጣና በጓንጉት የተጋደለችው። ሰይጣን ከፈጣሪው ጋር እንዲታረቅ የለመነችውም ይህችው ሴት ናት። የገዛ ቁጣዋ የት ድረስ እንደሚወስዳት ያየች ሴት ሌላውን ሁሉ ከእርቅ ውጭ ነው ለማለት ሳትደፍር የቀረች ይመስለኛል። በቅዱስ ሚካኤል መሪነት ወደ ሲኦል ሄዳ ሰይጣንን ጠራችው፤ እርሱ ግን እጇን ይዞ ወደ ታች ጎተታት። ቅዱስ ሚካኤል ከእጁ አስጣላት፤ ብዙ ነፍሳትም አብረዋት ወጡ።

ወንድምሽን ከማንም ጋር እያመሳሰልኩት አይደለም፤ እርሱ ያፈረና የተደበቀ ወጣት ነው እንጂ የእርቅ ጠላት አይደለም። በዚህ ገድል የሚያስገርመኝ እርቁ ሳይሳካ መቅረቱ ነው። እርቁ ባይሆንም ቅድስቲቱን የሚነቅፋት የለም፤ ልመናዋም ባዶ እጁን አልተመለሰም። እጇ በተያዘ ጊዜም «አስታራቂ ነሽና ተጎተቺለት» አልተባለችም። ለእርቅ እጅ መዘርጋትና በተዘረጋው እጅ ተስቦ መውደቅ የተለያዩ ናቸው፤ እናትሽ ከአንቺ የሚጠብቁት የመጀመሪያውን ሆኖ ሳለ፣ የጠየቁሽ ግን ሁለተኛውን ነው።

አሁን ወደሚደረገው እንምጣ። መቁረብ አለመቁረብሽን የሚወስኑት የንስሐ አባትሽ እንጂ የምክር ዓምድ ጸሐፊ አይደለም፤ ስለዚህ ነሐሴ ሳይገባ ሂጂና «ከወንድሜ ጋር ተኳርፌአለሁ» በሚል አጭር ቃል ሳትወሰኚ፣ ዕቁቡንም፣ ብሩንም፣ ስድቡንም፣ የቀረበልሽንም የዋስትና ጥያቄ ዘርዝረሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በፊት ለራስሽ አንድ ነገር ጠይቂ፤ ወንድምሽ ዛሬ ሌሊት ታሞ ሆስፒታል ገባ ቢሉሽ ነጠላሽን አጣፍተሽ ትሮጫለሽ? ትሮጫለሽ ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ከሆነ በልብሽ ያለው ቂም ሳይሆን ያልጠገገ ቁስል ሊሆን ይችላልና ይህንንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

ከዚያ ለወንድምሽ መልእክት ላኪለት። በእናታችሁ ቤት አትገናኙ፤ እዚያ ሁለታችሁም ልጆች ትሆናላችሁ። ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ በሰፊው የእግረኛ መንገድ አብራችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል፤ ያፈረ ሰው ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይልቅ ጎን ለጎን ሲራመድ አፉ ይፈታል። ከሁሉ አስቀድመሽ «በእጮኛህ ፊት ሌባ ያልኩህ በድዬ ነው፤ ይቅር በለኝ» በዪውና ዝም በዪ። መባህን ስታቀርብ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ የሚለው የማቴዎስ 5 ቃል የሚናገረው እኛ ስለበደልነው ወንድም ነው፤ ይህች ስድብ ደግሞ የአንቺ ድርሻ ናት። «አንተም እኮ» የምትለዋ ቃል ራስ መኮንን ድልድይ እስክትደርሱ ድረስ ትቆይ። ድልድዩን ስታልፉ ምን እንደደረሰበት ጠይቂው። ሥራው አልሆነለትም መሰለኝ ብለሻል፤ መሰለኝ ማለትሽ እንደማታውቂ ያሳያል። ገንዘቡ በኪሳራ ጠፋ፣ ተታለለ ወይስ ዝም ብሎ በላው? መልሱ ሊያለዝብሽ ወይም ሊያጸናሽ ይችላል፤ በሁለቱም መንገድ ከግምት ትወጫለሽ።

ከዚያ በኋላ የከፈልሽው ከልጅሽ ትምህርት ላይ መሆኑን ንገሪው፤ አላወቀ ይሆናል። በወር 2,000 ብር ቢመልስ በ32 ወር ያልቃል፤ 1,000 ብርም ቢሆን መጀመሩ ከመጠኑ ይበልጣል። ከፊሉን ወይም ሁሉንም ልተውለት ካልሽ ፊት ለፊት ተናግረሽ ተዪለት፤ በእልህ የተተወ ገንዘብ በልብ መዝገብ ላይ ወለድ እየወለደ ይቀመጣል። ስለ አዲሱ ብድር ደግሞ ዋስ እንደማትሆኚው ከእናታችሁ አፍ ሳይሆን ከአንቺ ይስማ። ቤት ቢቸግረው፣ ቢርበው፣ እንደ ዮሴፍ እህሉን እንደማትከለክዪው ጨምረሽ ንገሪው፤ እውነት ከሆነ ብቻ።

እምቢ ካለና ከሸሸ፣ ታሪኩን የሚያውቁትን የዕቁቡን ዳኛና አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ ይዘሽ አንድ ጊዜ ሞክሪ። የሚያሳፍር ነገር እንዳደረግሽ እንዳይሰማሽ ልንገርሽ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ዕዳ የከፈለ ዋስ ባለዕዳውን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ወደዚያ ሂጂ ማለቴ ግን አይደለም።

የቀሩት እናትሽ ናቸው። ዝክሩን አልዘክርም ያሉት ብድሩ አሳስቧቸው አይመስለኝም፤ አባታችሁ ካረፈ በኋላ ሁለታችሁን በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚያዩበት ቀን እያነሰ መጥቶባቸዋል፤ እርቁን የሚያዩበት ምልክት ሲያጡም በእጃቸው የመጣውን ዋስትና ምልክት አደረጉት። በልባቸው የሚፈሩት ምን እንደሆነ አንድ ቀን ብቻቸውን አግኝተሽ ጠይቂያቸው፤ ከዚያም ጠላው በሚጠነሰስበት ቀን ልጅሽን ይዘሽ ሄደሽ ጌሾውን ውቀጪላቸው፤ ወንድምሽንም ጋኑን እንዲያጥብላቸው አስጠሪው። ያን ቀን ስለ ብድሩ ማንም እንዳያነሣ ግን ከእናትሽ አስቀድመሽ ቃል ተቀበዪ።